በሩ እስኪከፈት ልጁ ከማን ጋር ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ለዚህ እትም የመረጥናቸው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ልጅ ከቤት ወጥቶ፣ የትምህርት ቤቱ በር ግን ገና ሳይከፈት አጥር ሥር ስለሚቆምበት ጊዜ። ወላጅ «አድርሻለሁ» ይላል፤ ትምህርት ቤቱ «ገና አልተረከብሁም» ይላል። ያ ጊዜ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት እስኪሰጠው ድረስ ደግሞ ምክር ብቻውን ልጅ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራ የምገባው 2:00 ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ 1:00 ላይ ካልተሳፈርሁ አልደርስም። የ7 ዓመት ልጄን 12:50 ላይ በር ላይ ትቼው እሄዳለሁ። በሩ የሚከፈተው 1:40 ነው። ዘበኛውን «እባክህ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ብለው «እኔ የምጠብቀው ግቢውን ነው» አለኝ። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማነው? ምንስ ላድርግ? — እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ዘበኛው የተናገሩት ክፋት አይደለም። የተቀጠሩት ለግቢውና ለንብረቱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሌሊቱን አድረው ተረኛ የሚለውጡበት፣ ግቢውን የሚዞሩበት ጊዜ ነው። ዘበኛ አለ ብሎ ልጅ ተጠባቂ አለው ማለት አይቻልም። ልጅዎ በእነዚያ 50 ደቂቃዎች ማንም የለውም።

ስለ ተጠያቂነት፦ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፍቶ እስኪቀበለው ድረስ ኃላፊነቱ የወላጅ ነው። ይህን መሸፋፈን አይጠቅምዎትም። ትምህርት ቤቱም ግን በየጧቱ ልጆች በሩ ላይ ተሰብስበው እያየ «ከበር ውጭ ያለ አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የበር መክፈቻ ሰዓት መወሰንም ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ነው። ለርዕሰ መምህሩ ሲያመለክቱ ይህን ይዘው ይሂዱ።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ነገር አለ። በሰኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12:10 ገደማ ነው፤ በጥር ግን ወደ 12:50 ትዘገያለች። ስለዚህ በሰኔ በደኅና ብርሃን ያደረሱት ልጅ በጥር በዚያው ሰዓት ሲደርስ ገና እየነጋ ነው፤ ከቤት የወጣውም በድንግዝግዝ ነው። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከጥቅምት እስከ ጥር የጧቱ ብርድ ቀላል አይደለም። ልጅ ሲራመድ አይበርደውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው የሚንቀጠቀጠው። አስም ያለበት ልጅ ደግሞ በዚህ አየር ሊነሣበት ይችላል። ሹራቡ ከዩኒፎርሙ ሥር ይሁን፤ ካልሲና ቆብ ይኑረው። ነጠላ ወይም ጋቢ አናቱ ላይ አከናንበው አይላኩት፤ ግራ ቀኙን እንዳያይና የመኪና ድምፅ እንዳይሰማ ያደርገዋል።

አሁን መፍትሔው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ልጆችን የሚረከበው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነና ተረኛው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ጧት ጧት ሰው አይጠፋም» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ በ5 ደቂቃ መንገድ ውስጥ የሚኖር፣ ልጁ እዚያው የሚማር ቤተሰብ ይፈልጉ። ልጅዎን 12:50 ላይ እዚያ ቤት ያደርሱታል፤ እነሱ 1:40 ላይ ከልጃቸው ጋር ይዘውት ይሄዳሉ። ስምምነቱ «በር ላይ አድርሱልኝ» ሳይሆን «በር ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ተመለሱ» መሆን አለበት። ውለታውን በገንዘብ ወይም ቅዳሜ ልጃቸውን በመያዝ ይመልሱ፤ ያለ ምላሽ የተጀመረ ውለታ ብዙ አይዘልቅም። በር ላይ ያለች ሻይ ቤት ወይም ሱቅ ግን ይህን ቤተሰብ አትተካም። ባለቤቷ ደግ ብትሆንም እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ገቢ ወጪው ብዙ ነው፣ ልጁ ሲወጣ ላታየው ትችላለች።

እንዲህ ያለ ቤት ካልተገኘ ከሰፈር አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ተራ ግቡ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንዳንድ ቀን፣ ዓርብን በየሳምንቱ እያፈራረቃችሁ። ከ7 ዓመት በታች ከሆኑ ለ4 ልጆች አንድ አዋቂ፣ ከዚያ ከፍ ካሉ ለ8 ልጆች አንድ አዋቂ ይበቃል ብለን እንመክራለን። ተረኛው የመጨረሻው ልጅ እስኪገባ አይመለስም። መምጣት የማይችል ካለ በዋዜማው እስከ ምሽቱ 2:00 ይናገር፤ ጧት ሲደወል ሁሉም ከቤቱ ወጥቷል። ተራ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች በጧት ስልክ ነው። አለቃዎንም ይጠይቁ፤ ግማሽ ሰዓት አርፍዶ ገብቶ ከምሳ ሰዓት መካካስ የሚፈቀድበት መሥሪያ ቤት አለ።

እስከዚያው ልጁ እነዚህን ይወቅ፦ የሚቆመው ግንቡን ተደግፎ፣ ከመንገዱም ከበሩም ራቅ ብሎ ነው። የእርስዎ ስልክ ቁጥር በቦርሳው ውስጥ ይጻፍ፤ ስሙ ግን ከውጭ በኩል አይጻፍ፣ የማያውቀው ሰው አንብቦ በስሙ ሊጠራው ይችላልና። «እናትህ ልካኝ ነው» የሚለውን ሰው የሚጠይቀው አንድ ምሥጢር ቃል ይኑራችሁ፤ ቃሉን ያላወቀ ሰው ዘመድ ቢሆንም አይከተለውም። እና የሚረሳው ነገር፦ በሩ ጨርሶ የማይከፈትበት ቀን አለ። የመምህራን ስብሰባ ይሆናል፣ ድንገት ትምህርት ይቋረጣል፤ እርስዎ ግን ሥራ ገብተዋል። በሩ በመደበኛው ሰዓት ካልተከፈተ የት ቤት እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ አስቀድመው አብረውት ሄደው ያሳዩት። በቃል የተነገረው ልጅ ሲደነግጥ ይጠፋበታል፤ በእግሩ የሄደበትን አይረሳም።

ጥያቄ፦ ልጆቼን የሚያመላልሰው ኮንትራት ባጃጅ 12:40 ላይ ያራግፋቸዋል፤ ትምህርት የሚጀመረው 2:00 ነው። «ለምን ታስቸኩላቸዋለህ?» ብለው «ሌሎችም አሉብኝ» ይለኛል። ልቀይረው? — አባት፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት ስንት ዙር እንደሚሠራ ይጠይቁት። አንድ ባጃጅ ሦስት ዙር ከያዘና አንዱ ዙር 20 ደቂቃ ከፈጀ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከመጨረሻዎቹ 40 ደቂቃ ቀድመው መድረሳቸው አይቀርም። ሌላ ሾፌር ቢይዙም ያው ነው። የሚስተካከለው የዙሩ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያው ዙር ትልልቆቹ ይሂዱ፤ ሕፃናቱ በመጨረሻው ይሳፈሩ። ብዙ ሾፌሮች ለራሳቸው መንገድ እንዲቀናቸው በተቃራኒው ያደርጉታል፤ ወላጆች ተሰብስባችሁ ካልተናገራችሁ አይቀይሩትም።

ኮንትራቱ ላይ የሚጻፈው የሚያነሣበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ጎደሎ ነው። የሚያደርስበትም ሰዓት ይጻፍ፦ «በሩ ከመከፈቱ ከ10 ደቂቃ በፊት አያደርስም፤ ቀድሞ ከደረሰ ልጆቹን ሳያወርድ ይጠብቃል።» ለሚጠብቅበት ጊዜ ጥቂት ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው፤ ነዳጅና ገበያ ያመልጠዋል።

የሰው ብዛትም አለ። ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ተሳፋሪ ነው። ልጆች ትንንሽ ናቸው ተብሎ ስድስት ሰባት ሲጫን የዳር ዳሮቹ ግማሽ አካላቸው ውጭ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ደግሞ መሪውን ያጣብባል። በመንገድ ዳር በኩል ያለው መግቢያ በብረት ወይም በሸራ የተዘጋ ይሁን። ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያሉ ብዙ ከተሞቻችን ዋናው አስፋልት መሐላቸውን ሰንጥቋቸው ያልፋል፤ ከባድ መኪናም ጧት በማለዳ ይበዛል። ስለዚህ ልጆቹ የሚወርዱት ትምህርት ቤቱ ባለበት በኩል ብቻ ነው። ሾፌሩ ዞሮ ለመምጣት ሰንፎ ማዶ ካወረዳቸው፣ ይህን ያደረገ ቀን ኮንትራቱ ይፍረስ። በሌላው ሁሉ መታገሥ ይቻላል፤ በዚህ ግን አይታገሡ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት እመራለሁ። ወላጆች ገና ሳይነጋ ልጅ እየጣሉብን ነው። መምህራኑ «እኛ ሞግዚት አይደለንም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በሩን ቀድሜ ብከፍት ደግሞ ከዚያም ቀድመው ይመጣሉ። ምን ይሻላል? — ከቡሬ

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። መጀመሪያ የመጣው ልጅ በደረሰበት ሰዓት በሩን መክፈት ከጀመሩ በሚቀጥለው ወር ሌላው ከዚያ ቀድሞ ይመጣል። ግን ዘግቶ መቆየትም መፍትሔ አይደለም። የሚያስፈልገው የታወቀ፣ የተጻፈና የማይዋዥቅ ሰዓት ነው።

ሰዓቱን በግምት አይወስኑ። አንድ ሰው ደብተር ይዞ ለ5 ተከታታይ የትምህርት ቀናት በር ላይ ይቁምና በ12:45፣ በ1:00፣ በ1:15 እና በ1:30 የቆሙትን ልጆች ይቁጠር፤ ከኦ ክፍል እስከ 2ኛ፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ፣ ከዚያ በላይ ብሎ ለያይቶ። ከገበያ ቀን አንዱ ቢገኝበት ጥሩ ነው፤ ወላጆች በገበያ ቀን ቀድመው ይወጣሉ። የሚከፈትበት ሰዓት ቁጥሩ ድንገት ከሚያሻቅብበት ትንሽ ቀደም ያለው ነው። ከዚያ ሰዓት በፊት የሚመጡት ጥቂቶች ስማቸው ይያዝና ወላጆቻቸው አንድ በአንድ ይጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ ስለሆነ በስብሰባ ሁሉን ወላጅ መውቀስ አያስፈልግም።

ተረኛ መምህራን ሁለት ይሁኑ። 24 መምህራን ካሉ ለአንዱ ተራው የሚደርሰው በ12 የትምህርት ቀን አንዴ ነው። ይህን በወረቀት አስልተው ሲያሳዩአቸው ተቃውሞው ይበርዳል፤ መምህራን የሚፈሩት በየቀኑ ይሆንብናል ብለው ነው። በልዋጩ የዚያን ቀን ተረኞች ከመውጫ ሰዓት ተራ ነፃ ይሁኑ። ውሳኔው በወላጅ መምህር ኅብረት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ርዕሰ መምህር ሲቀየር አብሮ እንዳይጠፋ።

አንደኛው ተረኛ በር ላይ፣ ሁለተኛው ልጆቹ ባሉበት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲያወሩ ተራው ፈረሰ ማለት ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ሽንት ቤቶቹ ይታዩ፣ ሜዳው ላይ የተሰበረ ጠርሙስ እንዳለ ይታይ፣ መማሪያ ክፍሎቹ እንደተቆለፉ ይቆዩ። ልጆቹ ሰንደቅ ዓላማው ባለበት አደባባይ አንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ ትንንሾቹ በአንድ በኩል፣ ኳስ የሚጫወቱት በሌላው።

በሩን ራሱን ደግሞ ይመልከቱት። ብዙ ትምህርት ቤት ያለው ሁለት ክንፍ ያለው የላሜራ በርና በአንዱ ክንፍ ላይ የተከፈተች ትንሽ መግቢያ ነው። ጧት የሚከፈተው ትንሿ ብቻ ትሁን። ትልቁ ክንፍ ሲከፈት ልጆች ተደግፈውት ስለሚቆሙ ይወድቃሉ፤ በማጠፊያው በኩል ያለው ክፍተት ደግሞ ጣት ይበላል፤ ክንፉ ሲከፈት ይሰፋል፣ ሲዘጋ ይጨፈልቃል። በዚያ በኩል ከላይ እስከ ታች ጠፍጣፋ ጎማ ወይም ወፍራም ሸራ በቡሎን ይመታበት። ወደ መሬት የሚገባው መቀርቀሪያ ጉድጓዱ በአፈር ከተሞላ ክንፉን ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ተረኛው በየሳምንቱ ይጥረገው። በሩ በሐዲድ የሚንሸራተት ከሆነ የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ መጨረሻው ላይ የሚያቆመው ብረት ካልተበየደ ከሐዲዱ ወጥቶ ይወድቃል፣ ክብደቱም ሕፃን ይገድላል። ብየዳ ቤት አስጠርተው አንድ ቁራጭ አንግል ብረት ያስመቱበት። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ልጆች በሩ ላይ ሲጨናነቁ ዘበኛ በዱላ ወይም በአለንጋ የሚበትንበት ቦታ አለ። ይህ በዚያው በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ተከልክሏል። ከዚያም ሌላ የሸሸው ልጅ የሚሮጠው ወደ አስፋልቱ ነው።

ለወላጆች የሚላከው ደብዳቤ አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ከጧቱ 1:15 በፊት በግቢም በበርም ልጅ የሚጠብቅ ሰው የለንም። ከ1:15 ጀምሮ ሁለት ተረኛ መምህራን አሉ። ከዚያ በፊት ለማድረስ የሚያስገድድ ችግር ካለብዎ ይንገሩን። ትምህርት የማይኖርበትን ቀን በዋዜማው በልጁ ደብተር ጽፈን እንልካለን።» ከታች የሚፈረምበት ቁራጭ ይኑረው። ላላነበቡት ደግሞ በእድር ስብሰባ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የ5 ዓመት ወንድሟን ይዛ ብትሄድና በር ላይ አብራው ብትቆም ችግር አለው? — ከሞጣ

መልስ፦ እጁን ይዛ አብራው መሄድ ትችላለች፤ መጠበቅ ግን አትችልም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ወንድሟ ድንገት ወደ መንገድ ቢሮጥ ተከትላው ትሮጣለች፤ ሁለቱም መንገድ ላይ ናቸው። ጎረምሳ ቢተናኮላት ደግሞ እሱን ትታ መሸሽ ስለማትችል ቆማ ትሰማለች። በሩ በተከፈተበት ሰዓት እንዲደርሱ አድርገው ከላኳቸው ይበቃል፤ የሚቆሙበት ጊዜ ካለ አዋቂ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የማስተምረው ገጠር ነው። ልጆቹ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘው ይመጣሉ፤ ቤታቸው ሰዓት የለም፤ አንዳንዱ 12:30 ላይ ደርሶ በር ላይ ተኮራምቶ እናገኘዋለን። ለእነዚህ «ቀድማችሁ አትምጡ» ማለት ምን ይረዳል? — መምህር፣ ከሰናን ወረዳ

መልስ፦ አይረዳም። ለከተማው ያልነው እዚህ አይሠራም። ከሩቅ የመጣን ልጅ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ነው መክፈት ያለበት። ሁለት ቁልፍ ይሠራና አንዱ ለግቢው ቅርብ በሆነ የወላጅ ኮሚቴ አባል ቤት ይቀመጥ። ያ ሰው 12:30 ላይ በሩንና አንድ መማሪያ ክፍል ከፍቶ መምህር እስኪመጣ ይቆያል። ይህም በተራ ቢሆን ይሻላል።

የጮቄ ተራራ ግርጌ ብርድ ስለሚከብድ ልጆች ዘበኛው ጎጆ ገብተው ከሰል ዙሪያ ይኮለኮላሉ። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ከዚያ ያስተኛል፣ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይሁን፤ ካልሆነም በርና መስኮት ወለል ብሎ ይከፈት።

ልጆቹ ለምን ያን ያህል ቀድመው እንደሚመጡም ይጠይቁ። በብዙ ቦታ ምክንያቱ ቅጣት ነው። ያረፈደ ልጅ ይንበረከካል ወይም በሩ ይዘጋበታል፤ ሰዓት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ልጁ እንዳያረፍድ በዶሮ ጩኸት ይቀሰቅሰዋል። ልጁ በጨለማ የሚወጣው እኛን ፈርቶ ነው። የማርፈድ ቅጣት ሲቀር የጨለማ መንገድም ይቀንሳል፤ ጅብ በሚያይበት ሰዓት ልጅ መንገድ ላይ አይገኝም። በየጎጡ ልጆቹን በቡድን አደራጁ፤ ከትልልቆቹ ሁለት እየመሩ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ አብረው ይነሡ። ቡድኑ አብሮ ካረፈደ አንድም ልጅ አይቀጣ።

በመስከረም ወንዞቹ ገና አልጎደሉም። ማታ ጮቄ ላይ ዘንቦ ከሆነ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ ይሞላል። የደፈረሰ ውሃ ከትንሹ ልጅ ጉልበት ካለፈ ያለ አዋቂ አይሻገሩ፤ ይመለሱ። በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ሳይሆን «በወንዝ ምክንያት» ተብሎ ይመዝገብ። ይህን ልጆቹም ወላጆቹም በመጀመሪያው ሳምንት ካላወቁት ደፍረው ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ጧት በር ላይ ውሾች ይሰበሰባሉ። ባለፈው አንድ ልጅ ተነከሰ። ምን ይደረግ? — ከቢቸና

መልስ፦ ልጁ ወዲያውኑ ወደ ውሃ ይወሰድ። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ሰዓት አይታችሁ፣ ምክንያቱም ሲያለቅስ ሁለት ደቂቃው ብዙ ይመስላል። ጭረት ብቻ ቢሆንም ይታጠብ። ሥር፣ ቅጠል፣ በርበሬ፣ አመድ አይደረግበት፤ በጨርቅም አጥብቃችሁ አትሰሩት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክትባቱ በሁሉም ጣቢያ ላይገኝ ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። መርፌው ተከታታይ ነው፤ ልጁ ደኅና ስለሆነ ብላችሁ አንዱንም አትዝለሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሻው ባለቤት ካለው ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ግን ያ ቀን እስኪያልፍ ተብሎ ክትባቱ አይዘገይ።

ልጆቹን ደግሞ ይህን አለማምዷቸው፦ ውሻ ሲመጣ አይሮጡም፣ ድንጋይ አያነሡም፤ እጃቸውን ወደ ጎናቸው አድርገው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ዓይኑን አያዩትም። ከወደቁ ተኮራምተው አንገታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ውሾቹ በር ላይ የሚሰበሰቡት ግን ለልጆቹ ብለው አይደለም። አካባቢውን ብታዩ ወይ ሥጋ ቤት አጥንት የሚጥልበት ቦይ አለ፣ ወይ የቁርስ ቤት ትርፍራፊ። ያ ማታ ማታ እንዲነሣ ለቀበሌው አመልክቱ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም የሰፈሩን ውሾች እንዲከትብ በዚያው ማመልከቻ ጠይቁ።